ርክክብ በር ላይ

ጎባ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ሆኜ ስሠራ፣ አብዛኞቹ ባልደረቦቼ ኑሯቸው ሮቤ ነበር። አመሻሽ ላይ ወደ ሮቤ የሚመልሳቸው የሰርቪስ መኪና ግቢው በር ጋ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል፤ የቀን ተረኞቹም ጋዋናቸውን እያወለቁ "ሁሉም ሰላም ናቸው" ብለውኝ ይወጣሉ። ርክክብ የምንላት ይቺው ነበረች። እኔ የጎባ ነዋሪ ስለሆንኩ አዳሩ አብዛኛውን ጊዜ የኔ ነው።

በየወሩ ግምገማ አለ። ሁሉም ተራ በተራ ተነስቶ "የመናበብ ችግር አለብን" ይላል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ሻይ ይጠጣል። ማን ከማን ጋር እንደማይናበብ የሚናገር የለም። ኧረ እኔም ብዬዋለሁ፤ ሁሉም ካለ ምን ይደረጋል።

አንድ ምሽት ያው "ሰላም ናቸው" ተብዬ ገባሁ። ገና እጄን ሳልታጠብ፣ ልጃቸውን ሊያስወልዱ ከሲናና የመጡ እናት ጋዋኔን ጎተቱኝ። "ዺጋ፣ ዺጋ" አሉ፤ በኦሮምኛ ደም ማለታቸው ነው። የአራሷን ብርድ ልብስ ስገልጥ ፍራሹ ርሷል። ለካ ከሰዓት ጀምሮ ደሟ አልቆም ብሎ መርፌ ተሰጥቷታል፤ ለኔ ግን ትንፍሽ ያለልኝ የለም። ጤና መኮንኑን ጠርተን ተረባርበን ተረፈች። ቤቴ ስገባ ለባሌ "ይሄ ካልተስተካከለ ሥራውን እተወዋለሁ" አልኩት። የምሬን ነበር።

በቀጣዩ ግምገማ ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ። "የመናበብ ችግር የለብንም። ችግራችን መኪናው ነው። ጥሩምባ ስትሰሙ አራሶቹን ጥላችሁ ትሮጣላችሁ" አልኩ። አራሷ የደማች ቀን ተረኛ የነበሩት፣ በዕድሜም በሥራም ሁላችንን የሚበልጡን ሲስተር ፊታቸው ተለዋወጠ።

"እኔን ነው?" አሉ።

"አዎ፣ እርስዎንም ነው።" ደሜ ፈልቶ ነው እንጂ እሳቸውን እንኳን እንዲህ ልናገር፣ ቀና ብዬም አላያቸው።

ባለጌ እስክባል ስጠብቅ ኃላፊው "ታዲያ ምን ይደረግ?" አለ። እዚያ ስብሰባ ላይ ይህ ሲጠየቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ርክክቡ አልጋ በአልጋ ይሁን፣ መኪናው ይጠብቅ አልኩ። ተስማሙ። ሲስተር ግን ሻዩን ሳይቀምሱ ወጡ።

በማግስቱ ስገባ ሰላምታም አልሰጡኝ። ቀጥ ብለው ወደ መጀመሪያው አልጋ ሄዱና ብርድ ልብሱን ራሳቸው ገለጡ። መቼ እንደወለደች፣ ምን እንደተሰጣት ነገሩኝ። ሁለተኛዋ ጋ ስንደርስ ጥሩምባው ተነፋ። ለሾፌሩ የነገረው የለም መሰለኝ፣ ደግሞ ነፋ። አሁን ጥለውኝ ሊሄዱ ነው አልኩ በልቤ። ሦስተኛዋ ጋ ቆመን ሳለ መኪናው ወደ ሮቤ ሲታጠፍ በመስኮቱ አየሁት።

"ሲስተር፣ መኪናው…"

"ሄደ" አሉ፣ እጃቸውን ከአራሷ ሆድ ላይ ሳያነሱ። "እጅሽን አምጪና እዚህ ጋ ንኪ። ማህፀኗ ገና አልጠነከረም፤ ልትደማ ትችላለች። ይቺን እንዳትዘናጊባት።"