ለቀዘቀዘ ሾርባ ጉርሻ

ልብስ ሰፊዋ ሰውን የምትመዝንበት የራሷ ዘዴ ነበራት። ምግብ ቤት ገብታ አስተናጋጁ ክፉኛ ካስተናገዳት፣ ደህና ጉርሻ ታስቀምጥለትና ዐይን ዐይኑን ታየዋለች። «በደንብ ለሠራማ ማንም ይሰጣል፤ ሰው የሚታወቀው ያልሠራበትን ሲሰጡት ነው» ትላለች። ወንድሟ፣ «ለሰነፍ ገንዘብሽን እየበተንሽ ፍልስፍና ታወሪያለሽ» እያለ ይስቅባታል። ይሳቅ። እሷ በዚሁ ዘዴዋ ቁልፍ ሠሪም፣ ቧንቧ ሠሪም፣ አንድ ጊዜም ባል ሊሆናት የከጀለ ጨርቅ ነጋዴ ፈትና አሰናብታለች።

ስለዚህ ከጨቅላነቱ ያሳደገችው የእህቷ ልጅ «ላገባ ነው፤ አባቷ አስተናጋጅ ናቸው» ሲላት ደስም አላት፣ ፈራችም። የእሷ እሺታ ከሌለበት ሠርግ እንደሌለ ልጁም ያውቃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ፣ ማንነቷን ለማንም ሳትናገር በምሳ ሰዓት አስተናጋጁ ወደሚሠራበት ምግብ ቤት ሄደች።

ሰውየውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ጸጉሩ ሸብቷል፤ የግራ ትከሻው ከትሪ ብዛት ዘንበል ብሎ ቀርቷል። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ እዚያው ቤት ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ሴት ልጁን ያሳደገው በዚሁ ትሪ ነው፤ ትንሽ ሳለች ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ፣ የታጠፈ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ታንቀላፋ ነበር አሉ። ዛሬ ያቺ ልጅ አስተማሪ ናት።

ይህ ሁሉ ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ሾርባው ግን አልመጣም። ልብስ ሰፊዋ የተቧጨሩ ሹካዎችን አየች፣ የጎረቤት ጠረጴዛ ወሬ ሰማች፣ ሆዷም ጮኸ። በመጨረሻ ሾርባው ሲመጣ በላዩ ላይ ስቡ ረግቷል። ዳቦ የለም። ያዘዘችው ዓሣ ከሌላ ሰው ፊት ተቀምጦ፣ ለእሷ ሌላ ሰው ያዘዘው ሥጋ ደረሳት። በልቧ ፈገግ አለች። ለፈተና ከዚህ የተመቸ ቀን ከየት ይገኛል?

ሳህኑን ሊያነሣ ሲመጣ መጀመሪያ መሸሸጊያ አዘጋጀችለት።

«መቼም ወጥ ቤቱ ነው ያዘገየው፤ አይደል?» አለችው።

«የለም፣ እመቤቴ» አላት። «አብሳዩ በትኩሱ አውጥቶት ነበር። እኔ እዚያ ጥግ ካሉት ሰውዬ ጋር የኳስ ወሬ ይዞኝ ነው የቀዘቀዘው። ዳቦውንም ጭራሽ ረሳሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አብሳዩ በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ሁሉንም ሰምቷል፤ ግን ቀና እንኳ አላለም። እዚያ ቤት ይህ ብርቅ አይደለም ማለት ነው። ልብስ ሰፊዋ ስንቱን ቀሚስ በገዛ መቀሷ አበላሽታ «ጨርቁ ነው ተንኮለኛው» እንዳለች ትዝ አላትና ፊቷ ጋለ።

ቢሆንም ፈተናው አላለቀም። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። ሰውየውም አነሣው። እንዲህ የሚናገር ሰው ያልሠራበትን ይወስዳል ብላ አላሰበችም ነበር።

እሱ ግን ኪሱ አልከተተውም። በተዘረጋ መዳፉ እንደያዘው ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሄደ።

«ይሄን ለአብሳዩና ለሳህን አጣቢዋ አድርጊው። የእኔን ድርሻ እንዳታስቢ።»

«ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋህ፣ ጋሼ?»

«ሳህኑ ንጹሕ ነበር፤ ሾርባውም ሲወጣ ትኩስ ነበር። የጎደለው የእኔ ሥራ ነው።»

ገንዘብ ተቀባይዋ «እሺ» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ልብስ ሰፊዋ እጇን በአፏ ጫነች። ስንት ዘመን ጉርሻ ስትሰጥና ስትነፍግ ከመጋረጃው ጀርባ እጇ ውኃ ውስጥ የሚውል ሴት መኖሯን አስባ አታውቅም። ሰው ፈታኝ ነኝ ትላለች እንጂ እንዲህ ያለ ሰው አጋጥሟት አያውቅም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ የእሱ አያያዝ ግን ቀዳዳ አልነበረውም።

ተነሥታ ማንነቷን ነገረችው። ሰውየው ትሪውን አስቀመጠና የደንበኛ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«በሾርባ ልጄን ከትዳር አስቀረኋት በሉኛ» አለ፤ ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «እኔን የፈለጉትን ይበሉኝ። እሷ ግን ያጠፋችው የለም።»

«ዳቦዬን ያምጡልኝ» አለችው፤ ተመልሳም ተቀመጠች።

ስትወጣ፣ ሊወስዳት የተቀጣጠረው የእህቷ ልጅ ገና አልደረሰም። ፀሐይ ላይ አቁሟት፣ ቆይቶ መኪናውን እያስጮኸ መጣ።

«መንገዱ ተዘጋግቶ ነው፣ አክስቴ።»

እስከዚያ በር ድረስ ያስጨነቃት ልጅቷ ለልጃችን ትሆናለች ወይ የሚለው ነበር። አሁን ይሄንን ያሳደገችውን ልጅ አየችው፤ ደጋግማ አየችው።

«መንገዱ ነው?»

ልጁ መሪውን በጣቱ ጠረገ። «እንቅልፍ ጥሎኝ ነው» አለ በመጨረሻ።

ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እንግዲህ እንዲህ እውነቱን እየተናገርክ መኖር ከቻልክ ልጅቷን እንጠይቅልሃለን» አለችው። «የእኚያ ሰው ቤት በሌላ አፍ አይገባም።»