በሕግ የሞተው ቲማቲም

በጫኖ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተማሩን ዩኒት ሊደራችን መምህርት ታደለች ከአጭር ሕመም በኋላ በግንቦት መጨረሻ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ስለ እሳቸው እንድጽፍ ሲጠይቁኝ አመነታሁ። ገና የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የማውቀውም ታሪክ ስለ አንድ መደብ ቲማቲም ነው። ይህ ለመታሰቢያ የሚበቃ ታሪክ ነውን? እርግጠኛ አይደለሁም። ነገር ግን ያለዚያ ቲማቲም እኔ ዛሬ ተማሪ አልሆንም ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የሚጠሩኝ «ጠበቃ» እያሉ ነበር። ማንም ቢቀጣ የምጮኸው እኔ ነኝ። ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኝ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ የሒሳብ መምህራችን ጓደኛዬን ሊመቱ ዱላ ሲያነሡ፣ ዱላውን ነጥቄ በአጥሩ አሻግሬ ወደ ሙዝ እርሻ ወረወርኩት። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሊያባርረኝ ተሰበሰበ።

መምህርት ታደለች ተነሥተው፣ «ይቺ ልጅ ስትጮህ ሁለት ዓመት ሰምቻታለሁ» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ ለራሷ ስትጮህ አልሰማሁም። እስከ ሰኔ ሠላሳ ለእኔ ስጡኝ።»

በማግስቱ ረጅም ምክር ይጠብቀኛል ብዬ ሄድኩ። የሰጡኝ ግን አንድ ደብተርና የእጅ ሰዓታቸውን ነበር። የትምህርት ቤቱ እርሻ ለየክፍሉ በመደብ የተከፋፈለ ነው። የመስኖው ውሃ በሳምንት ሁለት ጠዋት ብቻ ስለሚደርሰን ልጆቹ መቆፈሪያ ይዘው በውሃ ተራ የማይጣሉበት ሳምንት አልነበረም።

«ከዛሬ ጀምሮ የውሃ አባት አንቺ ነሽ» አሉኝ። የመስኖ ተራ የሚዳኘው ሰው የሚጠራው እንዲህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጢም አለው።

«አልፈልግም» አልኳቸው።

«ጥሩ። እኔም የምፈልገው ‹አልፈልግም› ማለት የሚችል ሰው ነው። አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

ሰዓቱን አየሁ። «ሁለት ከሩብ።»

«የዘጠነኛ ቢ ተራ አልቋል። ሂጂ ዝጊ!»

ቅጣቱን ተማሪዎቹ ራሳችን ወሰንን፦ ያለ ተራው ቦይ የከፈተ ሰው ቀጣዩ ተራ ያልፈዋል።

ሚያዝያ ላይ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ በአሥረኛ ኤ ተራ ውሃው በድንገት ቀነሰ። ቦዩን ተከትዬ ስሄድ መምህርት ታደለች ጫማቸውን አውልቀው፣ ጭቃ ውስጥ ቆመው፣ አጥሩ ጥግ ያለውን የራሳቸውን የቲማቲም መደብ ያጠጣሉ። ልጆቹ ከበቡን።

«ኧረ ጠበቃ! ዛሬ ምን ይውጥሽ?»

«ሕግ ለዩኒት ሊደር አይሠራም በይና እንገላገል!»

እሳቸውን ካስቀየምኩ ኮሚቴው ፊት የሚቆምልኝ ሰው የለም። ዝም ካልኩ ደግሞ ከዚያ በኋላ ማንም አይሰማኝም። ጎንበስ ብዬ በእጄ ጭቃ አፈስኩና ቦዩን ዘጋሁት።

«መምህርት፣ ተራዎ አይደለም» አልኩ።

«ቅጣቱስ?»

«ቀጣዩ ተራ ያልፍዎታል።»

«ጻፊዋ!»

ጻፍኩ። ቲማቲሙ በሙቀቱ ጠውልጎ ደረቀ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወስደው ያሳዩ ነበር፤ «ይህ ቲማቲም በሕግ የሞተ ነው» ይሉና እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር። ከዚያ ጠዋት በኋላ በውሃ ተራ መቆፈሪያ ያነሣ ልጅ አላየሁም።

ሰኔ ሠላሳ ኮሚቴው ሲሰበሰብ የሒሳብ መምህሩ ቀደሙ። «እኔ ቅሬታ የለኝም፤ ዱላዬን ብቻ ፈልጋ ታምጣ» አሉ። መምህርት ታደለችም «እሱማ እስካሁን በቅሎ ሙዝ ሳያፈራ አይቀርም» አሉ። ጉዳዬ በሳቅ ተዘጋ።

እኔ ብቻም አይደለሁም። ከክፍል እየጠፋ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ የሚውለውን ልጅ የተቀደደውን የመረብ ኳስ መረብ አስጠገኑት፤ ኋላ የቡድኑ አለቃ ሆነ። «ልጅ ሲያጠፋ እጁን ከመያዛችሁ በፊት እጁ ምን እንደሚችል እዩ» ይሉ ነበር።

ለቅሶ ቤት ልጃቸውን ስለ ቲማቲሙ ይቅርታ ጠየቅኋት። በለቅሶው መሐል ሳቀች። «እናቴ እኮ ቲማቲም አትበላም! ጨጓራዋን ያማታል።»

መምህርቴ፣ ለካ ያንን ቦይ የከፈቱት እኔ እንድዘጋው ኖሯል። እኔ ጋ በቀረው ደብተር ላይ ከስምዎ ጎን እስከ ዛሬ «ተራ አልፏቸዋል» ይላል፤ ይቅር በይኝ ብለው አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ ከምማርበት ከሴቻ ወደ ጫኖ ሄድኩ። የአሁኗ የውሃ አባት አንዲት አመለኛ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት፤ «ተራ አለሽ?» ብላ አፋጠጠችኝ። ቢያዩዋት ይወዷት ነበር። ያለፈዎትን ተራ ከደብተሩ አሳየኋት፤ ፈቀደችልኝ፤ ለመደብዎም ውሃ ለቀቅኩ። በሰላም ይረፉ፣ መምህርቴ። ከስምዎ ሥር የጻፍኩት የመጨረሻው መስመር ይህ ነው፦ «ተራው የመምህርት ታደለች ነው። ሰኔ ሠላሳ።»