እትዬ አማረች ከብርጭቆው በፊት የሚጠይቁን ጥያቄ

ፒያሳ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከልብስ ሰፊው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጁስ ቤት ለምታውቁ ሁሉ፤ ባለቤቷ ወይዘሮ አማረች ማክሰኞ ጠዋት አርፈዋል። ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ ያልሰማ ካለ ይኸው ከእኔ ይስማ። በእንቅልፋቸው ነው የሄዱት። ልጃቸው ምሕረት ልትቀሰቅሳቸው ገብታ ነው ያገኘቻቸው።

እኔ የሰማሁት በሩ ላይ ቆሜ ነው። እንደ ሁልጊዜው ፔርሙዜን ይዤ ሄድኩ። በሩ ዝግ ነው። ማክሰኞ ካሮት የሚመጣበት ቀን ስለሆነ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ካሮት በሩ ላይ ተቀምጧል፤ ያመጣው ሰውም አላወቀም። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ፣ «እማማ፣ አልሰሙም እንዴ?» አለኝ። «ምኑን?» አልኩት። ነገረኝ። እኔም፣ «ታዲያ ካሮቱን ማን ያስገባዋል?» አልኩት። በዚያች ሰዓት ከአፌ የወጣው ይህ ነው። ሌላ ነገር ማለት እንደነበረብኝ የገባኝ ቤቴ ደርሼ ፔርሙዙን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው።

ሙሉነሽ እባላለሁ። አብዛኞቻችሁ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት የምትልጠው አሮጊት ብላችሁ ታውቁኛላችሁ። ተቀጥሬ አልነበረም። ባለቤቴ ከሞቱ በኋላ ቤት ውስጥ ብቻዬን ከምቀመጥ ብዬ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ ነው። ስለዚህ ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ። በእነሱ እምነት ተዝካር የለም፤ ምሕረት በዚያ ፈንታ የሚያውቋቸው ሰዎች የጻፉትን ሰብስባ ልታሳትም ነው። «እማማ ሙሉ፣ እርስዎም ይጻፉ» አለችኝ። ስለ ደግነታቸው ብቻ ጽፌ ብተወው ደስ ባለኝ። ነገር ግን ሐዘን ቤት የተባለ አንድ ነገር አለ፤ እሱ ሳይቃና ስማቸው እንዲቀመጥ አልፈልግም። እደርስበታለሁ።

ሥራቸውን ታስታውሱታላችሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከፍተው መጀመሪያ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ከዚያ አቡካዶውን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ጫን እያደረጉ ይለያሉ፤ የዛሬ፣ የነገ፣ የከነገ ወዲያ። ቀይ ስሩን ከነቅጠሉ ነው የሚያስመጡት። ሥሩን ለእናንተ ይፈጩታል፤ ቅጠሉን እንደ ጎመን አብስለው ምሳችን ያደርጉታል። ስኳር እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም። አንድ ጎረምሳ፣ «እናቴ፣ ስኳር የላችሁም?» ብሎ ቢጠይቅ የተቆረጠ ማንጎ ወደ አፍንጫው አስጠጉለት። «አሽትት» አሉት። «ይኼን የሠራው ስኳር ረስቶ ነው?»

አፍ የፈቱት በሲዳሙ አፎ ነው፤ በአማርኛቸው ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር አልነበረም። ለቢሮ ኃላፊውም ለሊስትሮውም «አንተ» ነው። በዚህ የተቀየመ ሰው አላየሁም። ሱፍ ለብሰው የሚመጡትን ሰውዬ ታስታውሷቸዋላችሁ? መጀመሪያ ቀን ስፕሪስ አዘዙ።

«ስኳር አለብህ አይደል?» አሏቸው እትዬ አማረች።

«ማን ነገረዎት?»

«ሚስትህ። አልሸጥልህም። ጎመን ብላ፣ በእግርህ ሂድ። ከጠማህ ውሃ አለ።»

«ሴትዮ፣ በገንዘቤ እኮ ነው።»

«ገንዘብህ የትም አይሄድም። እኔ ያሳሰበኝ እግርህ ነው።»

ሰውዬው ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ፤ ውሃውን ጠጡ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ እየመጡ ውሃ ብቻ ጠጥተው ይሄዱ ነበር። ጁስ ቤት ውሃ ሊጠጡ።

ማዶ ላይ ሎሚ የምትሸጠዋ ልጅ ስትወልድ ደግሞ ዘመድ አልነበራትም። እትዬ አማረች አርባ ቀን ሙሉ የአጃ አጥሚት በክዳን ዕቃ ይዘው ይሄዱ ነበር። ምስጋና ስታበዛባቸው፣ «ዝም ብለሽ ጠጪ፤ ሲወራ ይቀዘቅዛል» ይሏታል። ቀብሩ ላይ ልጁን አዝላ አየኋት። ልጁ ሙዝ ይበላ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ያቺ ጥያቄ። ኪኒን የታዘዘለት ደንበኛ ሲመጣ ብርጭቆውን ሞልተው ይዘረጉለታል። እጁ ሊነካው ሲል ወደ ኋላ ይስቡታል። «ኪኒኑስ?» ይላሉ። «ውጫለሁ» ካላለ ብርጭቆው አይመጣም። «ምግቡ ምግብ ነው፤ ኪኒኑ ኪኒን ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም» ይሉ ነበር። እናንተ ትስቁ ነበር። ጥያቄዋ ከየት እንደመጣች የምታውቁ ግን ያላችሁ አይመስለኝም። ከእኔ ነው የመጣችው።

ዐቢይ ጾም ነበር። እኔ ግፊት ካለብኝ ቆይቷል፤ ጤና ጣቢያ የሰጡኝ ኪኒን ጠዋት የሚዋጥ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾም ሴት ነኝና፣ ጠዋት ውሃ ከቀመስኩ ምኑን ጾምኩት ብዬ ኪኒኑን ተውኩት። ለማንም አልተናገርኩም። በዘጠኝ ሰዓት ከእትዬ አማረች እጅ አንድ ብርጭቆ ቀይ ስር እጠጣለሁ፤ ለደም ነው ይባላል፣ እሱ ይበቃኛል አልኩ። ወር ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረው ዱካዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቤቱ ዞረብኝ። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ።

እትዬ አማረች መጥተው ፊቴ ቁጢጥ አሉ። «ሙሉዬ፣ ኪኒንሽን መቼ ዋጥሽ?»

ወደ ወደቀው ቢላዋ እጄን ዘረጋሁ።

«መቼ?»

«ለቅበላ» አልኳቸው።

አልጮኹብኝም። ሽርጣቸውን ፈቱ። ተሰልፈው የሚጠብቁትን ሰዎች፣ «ዛሬ የለም፤ ነገ ኑ» ብለው አሰናበቱና በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ከዚያ ስንወጣ ወደ ቤቴ የምንሄድ መስሎኝ ነበር። «የቄስሽ ቤት የት ነው?» አሉኝ።

እትዬ አማረች ጴንጤ ናቸው፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የንስሐ አባቴን በር ያንኳኩት ግን እሳቸው ናቸው፤ እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። አባ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ።

«አባ፣ ይቺ ልጅህ ራሷን ልትገድል ነው» አሉ እትዬ አማረች። «እኔን አትሰማም። አንተ ንገራት።»

አባ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ። «ሙሉነሽ፣ መድኃኒት ጾም አይሽርም። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅዎት ይፈቅዱልኛላ» አልኩ።

ቀድመው የሳቁት እትዬ አማረች ናቸው። «ሰማህ፣ አባ? ሰማህ አይደል?» አሉ። አባም ሳቅ አሸነፋቸው። «እህቴ፣ እርስዎ ደብርዎ የት ነው?» ሲሏቸው፣ «ጁስ ቤት» አሉ።

ከዚያ ቀን እስከ ፋሲካ ጠዋት ጠዋት አዲስ ከተማ ካለው ቤታቸው ተነሥተው፣ ባህል አዳራሽ ሰፈር ባለው በእኔ ቤት በኩል ዞረው ነበር ወደ ሥራ የሚሄዱት። ውሃውን ራሳቸው ይቀዳሉ። ስውጥ ቆመው ያያሉ። «አፍሽን ክፈቺ» ይሉኛል፤ የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት እንደ ሕፃን አፌን እከፍታለሁ። ደንበኛውን ሁሉ «ኪኒኑስ?» ማለት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ ቀን ዝንጅብል እየላጥኩ፣ «አንቺ የታመምሽው በእኔ ብርጭቆ ነው። ሳልጠይቅሽ ሰጠሁሽ» አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። እሳቸው ግን ለራሳቸው አደረጉት፤ እስከ መጨረሻውም አልተዉትም።

አሁን ወደ ሐዘን ቤቱ ልመለስ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። እኔ አላለቀስኩም። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴት የጫማዋ ማሰሪያ ተፈቶ ነበር፤ እሱን ሳይ ዋልኩ። አንዷ፣ «ያን ሁሉ ቅጠላ ቅጠል እየበሉ እንዴት ሞቱ?» ስትል ሰማሁ። ለእሷስ እሳቸው ራሳቸው በሕይወት ሳሉ መልሰውላታል፤ «እኔ የማውቀው የዛሬን ጉልበት ነው፤ ዕድሜ የእግዚአብሔር ነው» ይሉ ነበር። ውስጤ የቀረው የአቶ ግርማ ነገር ነው።

አቶ ግርማ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው፤ የቀይ ስርና የካሮት ደንበኛ፣ የግፊት ኪኒንም የሚወስዱ። ተነሥተው ቆሙ። «የዳንኩት በወይዘሮ አማረች እጅ ነው» አሉ። «ከቀብራቸው ስመለስ ኪኒኔን ጥያለሁ። ከእንግዲህ በስማቸው ቀይ ስር ብቻ ነው የምጠጣው። መታሰቢያቸው ይኸው ነው።» ሰው አሜን አለ። ግፊት እንዳለባቸው የማውቃቸው ሌሎች ሁለት ሰዎችም ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ።

እኔ ዝም አልኩ። በዚያች ነገር ቀድሜ የታመምኩት፣ ጥያቄዋ በእኔ ምክንያት የተጀመረችው እኔ፣ ያቺን የጫማ ማሰሪያ እያየሁ ዝም አልኩ። ሳምንት አለፈ። ምግብ በላሁ፣ ቤት ጠረግኩ፣ ኪኒኔን ዋጥኩ። አቶ ግርማ አንድ ነገር ቢሆኑ በእትዬ አማረች ብርጭቆ እንደሚሆን፣ እሳቸው ደግሞ አሁን መጠየቅ እንደማይችሉ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው የተቀመጥኩት።

በስምንተኛው ቀን ቀይ ስር ገዛሁ። መፍጫ የለኝም፤ በካሮት መፈቅፈቂያ ፈቅፍቄ በንጹሕ ሻሽ ጨመቅኩት። እጄ እስከ አንጓዬ ቀላ፤ ብታጠበውም አልለቀቀም። ፔርሙዙን ይዤ አዲስ ከተማ አቶ ግርማ ቤት ሄድኩ። ብርጭቆ ጠየቅኩ፣ ሞላሁ፣ ዘረጋሁላቸው። እጃቸው ሊነካው ሲል ወደ ኋላ ሳብኩት።

«ኪኒኑስ?» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «በስማቸው ነው የተውኩት እኮ።»

«በስማቸው ይዋጡት።»

«ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ተናግሬያለሁ። ምን ይሉኛል?»

«እኔም ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ዝም ብያለሁ» አልኳቸው። «ሁለታችንም አጥፍተናል።»

ባለቤታቸው ከጓዳ፣ «ጥያለሁ የሚለው ኪኒን እኔ ጋ ነው። ከቆሻሻው አውጥቼዋለሁ» አሉ።

«ያገባሁት ሰላይ ነው» አሉ አቶ ግርማ። ግን ጃኬታቸውን ፈለጉ። ከቆሻሻ የወጣ ኪኒን አይዋጥምና ሦስታችንም በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ለካቻቸው፤ ፊቷ ተለወጠ፤ ደግማ ለካች። ሐኪም ሳያያቸው አልለቅም አለች። ጁሱን የጠጡት ከሰዓት በኋላ፣ አዲሱን ኪኒን ውጠው ቤታቸው ስንመለስ ነው። «ውሃ በዝቶበታል» አሉኝ። «አውቃለሁ» አልኩ።

እንግዲህ እሳቸውን አክብራችሁ ኪኒናችሁን የተዋችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ታዩ። ቀይ ስሩን ጠጡ፣ ጎመኑን ብሉ፣ ስኳሩን ተዉ፤ ይህ የእሳቸው ነው። ሌላው ግን የእሳቸው አይደለም። ያን ቀን ዝም በማለቴ ይቅር በሉኝ።

እትዬ አማረች፣ ካሮቱን ልብስ ሰፊው አስገብቶት ነበር። ምሕረት ለሐዘንተኛው ቀቀለችው፤ አልተጣለም። ይህን ቀድመው የሚጠይቁኝ ስለመሰለኝ ነው። አቶ ግርማ እየዋጡ ነው፤ ባለቤታቸው ያያሉ። ድንኳኑ ውስጥ ራሳቸውን የነቀነቁትን ሁለቱንም ሰዎች ቤታቸው ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ፤ አንዱ ተቆጡኝ፣ ግን ሁለቱም ኪኒናቸውን አልተዉም ነበር። እስካሁን አላለቀስኩልዎትም፤ አይቀየሙኝ። እንባው የት እንደቆመ አላውቅም። የቀይ ስሩ ቀለም ግን ከእጄ ለቋል፤ ጥፍሬ ሥር ትንሽ ብቻ ቀርቷል። በሰላም ይረፉ። ዛሬ ጠዋት ውሃዬን ቀድቼ ዋጥኩ፤ ከዚያም በሩ ወዳለበት ዞሬ፣ ቤቱ ውስጥ ማንም ሳይኖር፣ አፌን ከፍቼ አሳየሁዎት።