ፊቷን ወደ በሩ

«አስታማሚዋ ማን ነው?» ብላ ሲስተሯ ስትጠይቅ እኔ አልነበርኩም። ከሆስፒታሉ ጓሮ፣ ቧንቧው ሥር፣ የእናቴን አንሶላ እያጠብኩ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከአልጋዋ ግርጌ ካርቶን አንጥፌ የተኛሁት እኔ ነኝ። ሽንቷን የደፋሁት፣ ሾርባዋን በማንኪያ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደርሶ፣ ኮቱን እንደለበሰ አልጋው አጠገብ ቆሞ ነበር። ሲስተሯ ያየችው እሱን ነው። «እኔ ነኝ» አላት። ዋሸሁ ብሎም አላሰበ።

እርጥብ አንሶላ ታቅፌ ስመለስ ሁሉም ነገር አልቋል። እናቴ ነጠላዋን ለብሳለች፣ ወንድሜ የመውጫ ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ይከታል።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ሁሉንም ነግራኛለች። ጨው ይቀነስ፣ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ያው የምታውቂው ነው። ተንከባከቧት ነው ያለችው።»

አመንኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ወጥ ውስጥ ጨው የሚባል ነገር አልገባም። እናቴን የበላት ግን ጨው አልነበረም።

ወንድሜ ቆቦ፣ ቤታችን ድረስ አደረሰን፣ አንድ ሌሊት አደረ፣ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄደ። ሲሄድ ጉልበቷን ስሞ ወደኔ ዞረና «አደራ» አለኝ። አደራ ማለት ለሚሄድ ሰው ቀላል ነው።

እናቴን የመታት የደም ግፊት ግራ ጎኗን ወስዶታል። ግራ እጇም እግሯም እንደ ሰው ዕቃ ነበሩ፣ ብትቆነጥጣቸው አይሰማትም። ምላሷ ትንሽ ተሳሰረ እንጂ ልቧና ነገሯ ሙሉ ነበር። አልጋዋን ከግድግዳው አስጠግተን ገና ሳናስተኛት ትእዛዝ ሰጠች።

«ፊቴን ወደ በሩ አርጊልኝ።»

ይህን ለማለት መብት ነበራት። እናቴ በሕይወቷ ለሰው ጀርባዋን ሰጥታ አታውቅም። ባጃጅ ውስጥ እንኳ ከፊት ከተቀመጠች አንገቷ እስኪያማት ወደ ኋላ ዞራ «ጀርባዬን ሰጠኋችሁ፣ ይቅርታ» ትል ነበር። ሰው ሊጠይቃት ገብቶ ጀርባዋን ከሚያይ ብትሞት ትመርጣለች። አልጋው ደግሞ እንደተዘረጋ፣ በሩን ለማየት የግድ በግራ ጎኗ መተኛት ነበረባት፣ በዚያ ምንም በማይሰማው ጎኗ። እኔም አስተኛኋት። ጠዋት አስተኛታለሁ፣ እስኪመሽ እንደዚያው ትውላለች።

ጠያቂ ደግሞ ቆቦ ላይ አይጠፋም። ጎረቤቱ አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኞቿ አሉ፣ ከሮቢት ስኳርና ማሽላ ይዘው የሚመጡ ዘመዶቿ አሉ። አግዳሚው ወንበር ባዶ ሆኖ አያውቅም። «እግዚአብሔር ይማርሽ» ይላሉ፣ «አላህ ያሽርሽ» ይላሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ተምቹ ያወራሉ። ትራሷን ላስተካክል ከጎንበስኩ «ኧረ ተያት! አታንገላቻት፣ ትረፍበት» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። እኔም ያደግኩት በዚሁ ነው። በሽተኛ አይነካካም፣ ይረፍ ይባላል። አርፋ እንድትውል አደረግኳት።

በዚህ ላይ ብርድ ልብሱ መጣ። ወንድሜ በሹፌር እጅ የላከው፣ አንበሳ ያለበት፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ለቆቦ! ፍየሉ እንኳ ከጥላ ንቅንቅ ለማይልበት አገር! እናቴ ግን የሰው ኮቴ በሰማች ቁጥር «አልብሽኝ» ትለኛለች። አለብሳታለሁ። ጠያቂዎቹ ጫፉን በጣታቸው እየዳሰሱ «አዬ፣ ጧሪ ልጅስ አለሽ!» ይሏታል። በግማሽ አፏ ፈገግ ትላለች። ጧሪው ልጅ አዲስ አበባ ነው። እኔ ከራስጌዋ ቆሜ በካርቶን አራግብላታለሁ። ከአንበሳው ሥር ላቧ ይንቆረቆራል።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ሽንት መስሎኝ አንሶላዋን ደጋግሜ አጠብኩ። አንድ ጠዋት ልብሷን ስቀይር ጨርቁ ከግራ ዳሌዋ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ። በውሃ አርሼ ሳነሳው የስኒ አፍ የሚያህል ጉድጓድ አየሁ። ዳሩ ጠቁሯል። እናቴ «ምን አየሽ?» አለችኝ። ያ ጎኗ ስለማይሰማት አላወቀችም።

«ምንም» አልኳት።

አሁን የምጽፈው የሚያሳፍረኝን ነው። ሦስት ሳምንት ደበቅኩት። ጨው ባለው የፈላ ውሃ እያጠብኩ ማር ቀባሁበት፣ ሽታው እንዳይወጣ ወለሉን በበረኪና ጠረግኩ፣ ያንን ብርድ ልብስ ራሴ እስከ አንገቷ መሳብ ጀመርኩ። ከቁስሉ ይልቅ የጠያቂውን አፍ ፈራሁ። «ሴት ልጅ እያላት ገላዋ ተበላ» ሲሉ በጆሮዬ የሰማሁ ያህል ነበር። ጠያቂ ሲመጣ ፊቷን ወደ በሩ ማድረጌንም አልተውኩም።

ትኩሳት ሲይዛት ነው ወደ ሆስፒታሉ የመለስኳት። ያችው ሲስተር አገኘችን። እግሯ በክፍት ጫማዋ ውስጥ አብጧል፣ ያንን ሁሉ አልጋ ብቻዋን ትዞራለች። ቁስሉን ገልጣ ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

«የመኝታ ቁስል ነው። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጧት ብዬ አልነበረም? ይኼ የአንድ ሳምንትም አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?»

«ለማን ነው ያልሽው?» አልኳት።

ካርዱን አገላበጠች። «ለአስታማሚ ትምህርት ተሰጥቷል» ይላል። ከሥሩ የወንድሜ ፊርማ፣ ያ ጅራቱ የረዘመ ፊርማ አለ።

«ሲስተር፣ ይኼ ሰውዬ እናቱን አንድ ቀን አጥቦ አያውቅም። እኔ ቧንቧው ጋ ነበርኩ። ማን ነው የሚያጥባት ብለሽ ጠይቀሽ ነበር?»

ጓንቷን አጠለቀችና «ነይ፣ ያዥ» አለችኝ። አንሶላ አጥፎ ከሥሯ ማስገባትን፣ ሳይጎትቱ ማንሳትን፣ በጉልበቶቿ መሃል ትራስ ማድረግን አሳየችኝ። እስኪሽር ድረስ በግራዋ ፈጽሞ እንዳትተኛ፣ በቀኟና በጀርባዋ በየሁለት ሰዓቱ እንዳፈራርቃት ነገረችኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እናቴ በአምስት ደቂቃ ትምህርት እጦት ነው የተበላችው። ሲስተሯን ጠላኋት፣ ወንድሜን ጠላሁት፣ ራሴንም አልማርኩም።

ቤት ስንገባ ጦርነቱ ተጀመረ። በቀኟ ስትተኛ ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው። «ምን በደልኩሽ?» ትለኛለች ወደ ግድግዳው። ጠያቂ ሲገባ በአንገቷ ልትዞር ትሞክራለች፣ ያቅታታል፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ትላለች። አንዷ ጎረቤታችን፣ ደግ ሙስሊም ሴት፣ «ተይ እታለም፣ አበባ ጀርባ የለውም» አለቻት። እናቴ «እኔ አበባ አይደለሁም፣ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ» አለች። እኔ ግን ጨከንኩ። የግድግዳ ሰዓት ሰቅዬ ሰዓቱ ሲሞላ ብቻ አገላብጣለሁ። ሰው «ተያት» ሲለኝ «እናንተ ተውኝ» እላለሁ። ከወር በኋላ የቁስሉ ጉድጓድ ቀይ ሥጋ መሙላት ጀመረ። የዚያን ቀን ብቻዬን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ ነው።

ከዚያ ወንድሜ እመጣለሁ ብሎ ደወለ።

እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ለመነችኝ። «ለአንድ አፍታ ወደ በሩ መልሽኝ። ሲገባ ልየው።»

«ተራው የግድግዳው ነው» አልኳት።

በጀርባዋ ባስተኛት ዞር ብላ ታየው ነበር። ምንም አይጎዳትም ነበር። ግን እልህ ይዞኝ ነበር። ያ ሁሉ ወር በሩ ላይ ዓይኗን ተክላ የምትውለው እሱን ስትጠብቅ እንደነበር ያኔ ገባኝ፣ እኔ ከራስጌዋ ቆሜ እያለሁ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፣ የኔስ ሆድ?

ሲገባ ስድስት ሰባት ጠያቂ ተቀምጧል። ብርቱካኑን በፌስታል እንዳንጠለጠለ የእናቱን ጀርባ አየ። ሰላም ሳይል ጮኸ።

«ምንድን ነው ይኼ? እናቴን እንደ ወንጀለኛ ፊቷን ወደ ግድግዳ? ሰው በተሰበሰበበት? አደራ ያልኩሽ ለዚህ ነው?»

ጠያቂዎቹ ወለሉን አዩ። አንዱ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ፣ ለወንድሜ ማገዙ ነው። የምናገረው ብዙ ነበረኝ፣ እጄ ግን ቀደመኝ። ያንን የአንበሳ ብርድ ልብስ ገፈፍኩት። ቀሚሷን እስከ ወገቧ ገለብኩት፣ ፋሻውን አነሳሁት።

«ይኸው! የፈረምክበት ይኸው! እይ!»

ሁሉም አዩ። ወንድሜ አየ፣ ሽማግሌው አየ፣ የሮቢት ዘመዶቻችን አዩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ገላዋን ለኔ እንኳ ሸሽጋ የኖረች ሴት፣ ጭኗ ለወንድ ልጇና ለጎረቤት ሁሉ ተሰጣ።

«ሸፍኝኝ» አለች፣ ወደ ግድግዳው። ጮክ አላለችም።

የምትሸፈንበት አንድ ደህና እጅ ነበራት፣ ቀኝ እጇ። በቀኟ ስላስተኛኋት ከሥሯ ነበር። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ እጇን ለማውጣት እየታገለች ነው። ከዚያ ነው የሸፈንኳት።

ጠያቂዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ወንድሜ በረንዳ ላይ ቆሞ አለቀሰ፣ በማግስቱም ሄደ። ስለ ፊርማው አልተነጋገርንም፣ እስከ ዛሬም።

በሳምንቱ ፋሻ ልቀበል ሆስፒታል ስሄድ ለሲስተሯ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝና «የቤታችሁ በር በየት በኩል ነው?» አለች። ነገርኳት። «ታዲያ ራስጌውን ግርጌ ብታደርጊው? በዚያው በደህናው ጎኗ ተኝታ በሩን ታያለች እኮ።» ፋሻውን እየሰጠችኝ «አንድ ቀን ቤታችሁ መጥቼ ቢሆን ወዲያው አየው ነበር» አለች። መቼ ትመጣለች? ያንን ሁሉ አልጋ ለማን ትታ?

የዚያኑ ቀን ትራሱን ወደ ግርጌ አዞርኩት። እናቴን በቀኟ አስተኛኋት፣ ቁስሏ ከላይ፣ ፊቷ በቀጥታ ወደ በሩ። ጎንበስ ብዬ «ይኸው እማዬ፣ በሩ» አልኳት።

«ወደ ግድግዳው መልሽኝ» አለች።

ግድግዳው አሁን በቁስሏ በኩል ነው፣ አልችልም። እንደማልችል ነገርኳት። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በኋላ የበሩ ተራ በደረሰ ቁጥር ትጨፍናለች፣ በጀርባዋ ሳስተኛት ትገልጣለች። ጠያቂ ሲመጣ የተኛች እየመሰለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመለሳል። አለመተኛቷን እኔ አውቃለሁ። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ «ምን አጠፋሽ» አለችኝ፣ ግን ዓይኗን አልገለጠችም።

ማሽላው ሲታጨድ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ደረቀ። ክረምቱን ሳታገኝ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለተኛ ግፊት መትቷት ሞተች። የገነዟት ሴቶች ከጓዳ ሲወጡ «ምን ያለ ንጹሕ ገላ! እንዲህም አርጎ መያዝ አለ?» ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ወንድሜ ለቀብር ደረሰ። ድንኳኑ ውስጥ፣ ለቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ እያቀፈ የሚያለቅሰው አንድ ነገር እያለ ነው። «ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ነው የሞተችው፣ እኔን ስትጠብቅ» ይላል። ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። እውነት ነው፣ የበሩ ተራ ነበር። ዓይኗን እንደጨፈነች መሞቷን አልነገርኩትም።