ጋሼ ታደሰ በየምሽቱ ያሰጠማት ጀልባ

ልጅ ሳለሁ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቮስሎሩስ በሚባለው ሰፈራችን አመሻሽ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር አንዲት ጀልባ ትሰጥም ነበር። የሚያሰጥማት የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ታደሰ ነው። ስፓዛ ከሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍላችን የላምባ ማሞቂያውን ከበን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ በአንዲት ሻማ ብርሃን ያንኑ ተረት ደግመን እንሰማለን። ያኔ ከጨለማው ይልቅ የሚያናድደኝ ተረቱ ነበር።

ጋሼ ታደሰ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲመጣ ማላዊ ሐይቅ ዳር ወራት ተቀምጦ፣ ታሪኩን ከአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ሰምቷል። በድሮ ዘመን አንዲት ባለሸራ የእንጨት ጀልባ ጨው ጭና ሐይቁን ስታቋርጥ ወጀብ ይነሳል፣ ሸራው ይቀደዳል፣ መርከበኞቹ ጭነቱን እንጣለው ብለው ባለጀልባውን ይለምናሉ፣ እሱ እምቢ ይላል። እነሱ በዋና ሲያመልጡ ባለጀልባው የጨው ጆንያውን እንዳቀፈ ይሰጥማል። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን ዛሬ ጨው የነበረው በማግስቱ በቆሎ ይሆናል፣ ሦስቱ መርከበኞች ሰባት ይሆናሉ፤ ላርመው ስሞክር «አንቺ እዚያ ነበርሽ?» ይለኛል። መጨረሻ ላይ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ፣ ዕቃ ይተካል ሰው አይተካም ይላል። እኔ ከደብተር ቦርሳዬ በቀር የምጥለው ምን ነበረኝ?

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ የሚላት አሮጊት ጎረቤታችን እየሮጠች መጣች። የውጭ ሰው ሱቅ የሚዘርፉ ሰዎች ከታች መንገድ ላይ ደርሰዋል አለችን። እናቴ ፒክአፕ መኪናችንን አስነስታ ክላክስ ታደርጋለች። ጋሼ ታደሰ ግን ማቀዝቀዣውን ብቻውን ይጎትታል። እሱን ትቶ የዘይት ካርቶን ያነሳል፣ ዘይቱን ትቶ ወደ ዱቄቱ ይመለሳል፤ ይቺን ብቻ፣ ይቺን ብቻ እያለ። እናቴ ለመነችው፣ ጎጎ ተቆጣችው፤ አልሰማም። ጩኸቱ እየቀረበ ነበር፤ እኔ ግን ከመፍራት ይልቅ ተናደድኩ። ስንት ዓመት በዚያ ተረት ሲያሰለቸኝ ኖሮ፣ እሱ ራሱ አንድም ቀን አልሰማውም ማለት ነው።

«ጋሼ፣» አልኩት በሩ ላይ ቆሜ፣ «ጀልባዋ እየሰጠመች ነው። ጨዉን ጣለው።»

ዞሮ አየኝ። የዱቄቱን ከረጢት አስቀመጠ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ወጣ፤ በሩን እንኳ አልቆለፈም። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ከጣሪያችን ጭስ ሲወጣ አየን።

አሁን ካትሌሆንግ በሚባለው ጎረቤት ሰፈር ሌላ ሱቅ አለው። መብራት ሲጠፋ ለልጆቼ ያንኑ ተረት ይነግራቸዋል፤ ግን አበላሽቶታል። ባለጀልባው ይድናል፤ አንዲት ምላሰኛ ልጅ ከዳር ሆና ትጮህበትና ጨዉን ጥሎ ይወጣል። እንደዚያ አልነበረም እንዳልለው፣ ዛሬ «አንቺ እዚያ ነበርሽ?» ቢለኝ መልሱ «ነበርኩ» ነው። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ እሰማዋለሁ። ቤት ገብተን ልጆቼን ሳስተኛ ግን ባለጀልባውን ከነጨዉ መልሼ አሰጥመዋለሁ፤ ያን ቀን በሩ ላይ አፌን ያስከፈተኝ የሰጠመው ሰው ነውና።