የማይጠና ፈተና

አረጋሽ በሶዶ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሕፃናትን ጥቅስ በቃል አስጠንታለች። ጥቅሱን ቆራርጣ በልጁ አምስት ጣቶች ላይ ታስቀምጥለታለች፤ አውራ ጣቱን ሲነካ የመጀመሪያው ቃል፣ ትንሿን ሲነካ የመጨረሻው ይመጣለታል። ዛሬ ባንክ ውስጥ የሚሠሩ ጎልማሶች መንገድ ላይ ሲያገኟት ሰላምታ ሳይሰጡ በፊት ጣታቸውን ያንቀሳቅሱላታል። ከእሷ እጅ ጥቅስ ሳይዝ የወጣ ልጅ የለም ይባላል።

መርሳትን ትፈራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ፊቱ አልጠፋባትም፤ ድምፁ ግን መቼ እንደሄደ ሳታውቀው ጠፍቷል። ስለዚህ ልጇ ሰገነት ጭንቅላቷን ስትመታ የምታውቀውን አደረገች።

ሰገነት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የትምህርት ቤቷ ቡድን በረኛ ናት። ሁምቦ ሄደው ሲጫወቱ ኳስ ልታድን ተወርውራ ከግቡ ብረት ጋር ተላተመች። ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ አስመለሳት፤ «ማን አሸነፈ?» እያለች ደጋግማ ጠየቀች። ክሊኒክ ሲወስዷት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ፀጋአብ፣ ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር የሚለው ወጣት፣ አንጎሏ መናወጡን ነገራቸው። በየሳምንቱ እየፈተነ ይከታተላታል፤ እስኪሻላት ሜዳ የለም። ከዚያ እንድትደግምለት አምስት ቃላት ከወረቀት አነበበላት፤ ሳንቲም፣ ምንጣፍ፣ ሎሚ፣ ጉንዳን፣ ድልድይ። ሰገነት የመለሰችው ሁለቱን ብቻ ነበር። ጥግ የተቀመጠችው አረጋሽ አምስቱንም ያዘች።

በሁለተኛው ሳምንት ሰገነት አራት መለሰች፤ በሦስተኛው አምስቱንም።

«ጎበዝ!» አለ ፀጋአብ። «ሐሙስ አንዴ ከደገምሽው ቅዳሜ ከቦምቤ ቡድን ጋር እንድትጫወቺ እፈርምልሻለሁ።»

ቤት ያለችው ሰገነት ግን ከወረቀቱ ጋር አልገጥም አለች። ጎደሬ ጥዳ ውሃ ረሳች። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ የገዛ ሰፈሯን አልፋ ሄደች። ቆርቆሮ ላይ ያረፈ ፀሐይ ዐይኗን ያስጨፍናታል። አረጋሽ ግራ ገባት። ወረቀቱ ድናለች ይላል፤ ያረረው ድስት አልዳነችም ይላል። የቱን ትመን?

ሐሙስ ዕለት ፀጋአብ ወረቀቱን ሲያነሳ አላስችል አላት።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጉንዳን ያለችው የቀለበት ጣቷን ነክታ ከሆነ፣ ይቆጠርላታል?»

«የምን ጣት፣ እናት?»

አምስቱን ቃላት በጣቶቿ እንዳስጠናቻት ነገረችው፤ በወላይትኛም በአማርኛም፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ማታ ከጸሎት በኋላ።

ፀጋአብ ሳቁ መጣ፤ ወረቀቱን ሲያይ ተመለሰ። «ይሄ እኮ አይጠናም!»

«ፈተና ነው አላልክም? የማይጠና ፈተና ደግሞ ምን ዓይነት ነው?»

«እንደ ትኩሳት መለኪያ ይዩት። እርስዎ መለኪያውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው የልጄ ትኩሳት በረደ አሉኝ። እኔም ሞኝ፣ በየሳምንቱ ያንኑ ዝርዝር አነባለሁ።»

«እማ!» አለች ሰገነት። «ማን ንገሪ አለሽ? ቅዳሜ እኮ ነው ጨዋታው!»

ፀጋአብ አረጋሽን ውጪ አስቀመጣትና ሌላ ዝርዝር ጻፈ። በሩ ተዘግቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ሁለት ጣቱን አሳያት።

«ሁለት። ያው እንደ መጀመሪያው ቀን። ቅዳሜ የለም።»

«እኔ ነኝ ያዘገየኋት?»

«አላዘገዩዋትም። እኔ እንዳላይ ጋረዱኝ። ግን ዛሬ ባይነግሩኝ በዚህ ጭንቅላቷ ሜዳ ትገባ ነበር።»

ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልለየላትም። ፀጋአብ በደግነት ፈገግ ብሎ ነበር፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አደናገራት። ለልጇ ብላ የደከመችው ሁሉ ልጇን ደብቆባት ኖሯል? እንዲህ ያለ ነገር በየት አገር ይሆናል?

ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ሲወርዱ ሰገነት አኩርፋ፣ ኮፍያዋን ዐይኗ ላይ ደፍታ ቀደመች። መሻገሪያው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እማ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

አረጋሽ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ መልሳ ዘጋችው። ብትነግራት ማስጠናት ይሆን? ዝም ብትል ልጅን መንገድ ላይ መጣል አይሆንም?

«አንቺ ምን ይመስልሻል?» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ሰገነት ግንባሯን ቋጥራ ማሰብ ጀመረች። ባጃጆች እየጮኹ አለፉ። አረጋሽ መልሱን አፏ ውስጥ እንደያዘች ጠበቀች።