ወደ ሐይቁ የሄደችው ቤቲ ናት

ሥራ የጀመርኩት የሰሜኑ ነፋስ ሜልቦርንን እንደ ምድጃ ባጋላት የጥር ቀን ነው። ከክሬጊበርን በባቡር መጥቼ መሃል ከተማ ያለው ቢሮ ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። አለቃዬ ግራሃም ወንበር ሳበልኝና አንድ ስክሪን ፊት አስቀመጠኝ። ስክሪኑ ላይ የአንድ ትልቅ ሐይቅ ካርታ ነበረበት። ሐይቁ ያለው አሜሪካ ነው።

"በረዶ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"እንደ ጠጠር የሚወርደውን አውቀዋለሁ። እንደ ጥጥ የሚወርደውን በፎቶ ብቻ ነው ያየሁት።"

"ጥሩ። እንግዲያው አትወጂውም፣ አትፈሪውምም" ብሎ የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኝ።

ሜትሮሎጂ የተማርኩት አርባ ምንጭ፣ ሁለት ሐይቅ እያየሁ ነው። ሐይቅ በረዶ ሲወልድ ግን አይቼ አላውቅም።

ደንበኞቻችን በዚያ ሐይቅ ዳር ያሉ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ናቸው። የአውቶቡስ ሾፌሮች ሞተር ማሞቅ ሳይጀምሩ፣ ገና በጨለማ፣ ትምህርት ይኑር አይኑር መወሰን አለባቸው። የእነሱ ንጋት የእኛ ምሽት ነው። ስለዚህ እዚህ በበጋ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ እንቅልፍ የማያዳፋው ሰው ስልካቸውን ያነሣል። ድርጅቱ የሚሸጠው ይህንኑ ነው።

የሐይቅ በረዶ እንዲህ ነው። ቀዝቃዛ ነፋስ ባልቀዘቀዘ ውሃ ላይ ሲያልፍ ሙቀትና እርጥበት ይጠጣል፤ ማዶ ሲደርስ በቀጭን መስመር ያራግፈዋል። አንዱ መንደር ሲቀበር ጎረቤቱ ፀሐይ ይሞቃል። ነፋሱ ትንሽ ዞር ካለ መስመሩ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ይሻገራል። ሐይቁ ራሱ ግግር በረዶ ከለበሰ ግን የሚጠጣ ነገር የለም፤ ከሰማይ የሚወርደው ይቆማል፣ ብርዱ ብቻ ይቀራል። ደንበኛው ይህን ሁሉ መስማት አይፈልግም። የሚፈልገው አንድ ቃል ነው፤ ክፍት ወይም ዝግ።

ከሺፍት በፊት ደረጃው ላይ ቆሜ እጸልያለሁ። የምጸልየው አውቶቡስ ስለሚጠብቁት ልጆች ነው። በረዶው ወዲህ ይሂድ ወዲያ ይሂድ ብዬ ግን አልለምንም። ትንበያዬ እንዲሰምርልኝ ከጸለይኩ እግዚአብሔርን ረዳቴ አደረግሁት ማለት ነው።

ከደንበኞቹ ሁሉ የምወደው ሚስተር ዴልን ነበር፤ የአንዲት ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ። ሰላምታ የማያውቅ ሽማግሌ ነው። "አስቴር፣ ላውጣቸው ወይስ ልተዋቸው?" ይላል። እነግረዋለሁ። "እሺ" ብሎ ይዘጋል። ያቺ "እሺ" ለዓመታት ትበቃኝ ነበር።

ከዚያ ቤቲ መጣች። ዲር ፓርክ የምትኖር፣ ማስተርሷን እዚሁ የጨረሰች፣ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት። ለግራሃም የነገርኩላት እኔ ነኝ። ራዳር እንዴት እንደሚነበብ ያሳየኋትም እኔ ነኝ። እኔ በሌለሁባቸው ቀናት የሚስተር ዴልን ስልክ ታነሣ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ እሱ ደውሎ "የምትስቀዋን አገናኚኝ" አለኝ።

አገናኘሁት። በመስታወቱ በኩል አየኋት፤ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጣ ትንከተከታለች። እሱም እየሳቀ እንደሆነ ከሁኔታዋ ያስታውቃል። እኔ ስሳሳትም፣ ልክ ስሆንም ስቆ የማያውቅ ሰው።

"ምን አለሽ?" አልኳት ስልኩን ስትዘጋ።

"ምንም፣ እትዬ አስቴር። ስለ ውሻው ነው።"

ውሻ እንዳለው አላውቅም ነበር።

እሁድ ቤቲ ለምስክርነት ወጣች። "ጌታ በደንበኞቼ ፊት ሞገስ ሰጠኝ" አለች። ጉባኤው አጨበጨበ። እኔም "አሜን" አልኩ። ባለቤቴ ዞር ብሎ አየኝ።

"ምነው፣ ጥርስሽን አመመሽ እንዴ?" አለኝ።

አንድ ዓመት ድርጅቱ ደንበኞቹን በአካል የሚጎበኝ ሰው ወደ ሐይቁ ለመላክ ወሰነ። የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያንን ጉዞ እንደፈለግሁት ሌላ ነገር ፈልጌ አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት የተነበይኩትን በረዶ በእጄ ልነካው ነው። ባለቤቴ "በክረምት እዚሁ ተራራው ላይ አለልሽ፣ በመኪና ልውሰድሽ" ይለኝ ነበር። "ያ የተራራ ነው፤ የእኔ የሐይቅ ነው" እለዋለሁ።

ግራሃም ስብሰባ ላይ፣ ሁሉም ባለበት፣ ጠየቀኝ። "አስቴር፣ ሲኒየሯ አንቺ ነሽ። ትሄጃለሽ?"

"አይ፣ ቤቲ ትሂድ" አልኩ። "እሷ ልጅ ናት።"

ይህ መልስ እንዳልሆነ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ቤቲም ስለምታውቅ "ኧረ በፍጹም፣ እትዬ አስቴር እያሉ እኔ?" አለች። "ተይ፣ ሂጂ የኔ ልጅ" አልኳት። አንድ ዙር ይቀረን ነበር። አንድ ጊዜ ደግማ ብትለኝ እሺ እል ነበር። ግራሃም ግን መግደርደር በሚታወቅበት አገር አላደገም። "ግሩም፣ ቤቲ ትሄዳለች" ብሎ ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ።

ቤቲን አየኋት። አንገቷን ደፍታ ጠረጴዛውን ታያለች። አፏን ግን አልከፈተችም።

ልትሄድ ስትል "ይጸልዩልኝ" አለችኝ። ጸለይኩላት። አጭር ጸሎት ነበር።

እዚያ በደረሰች በሳምንቱ ሜልቦርን ሙቀቱ አርባ ዲግሪ ገባ፤ ሐዲዱ ስለጋለ ትራሙ ሁሉ ይንቀራፈፍ ነበር። ስክሪኔ ላይ ያለው የኮምፒውተሩ የትንበያ ሞዴል ልክ በአውቶቡስ ሰዓት በሚስተር ዴል ከተማ ላይ በረዶ ያወርዳል። "ዝግ" ልል ተዘጋጅቼአለሁ። ስልኩ ጮኸ። ቤቲ ናት፣ በአማርኛ።

"እትዬ አስቴር፣ ሚስተር ዴል ቢሮ ነኝ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሐይቁ ደግሞ ግግር በረዶ ለብሷል።"

"የቱ ጋ?"

"ከዳር በጨረቃዋ ብርሃን እስከማየው ድረስ። ትናንት ይጤስ የነበረው ውሃ ዛሬ አይጤስም።"

ካርታዬ ላይ ውሃው ክፍት፣ ግግር የሌለበት ነው። ካርታው የተሠራበትን የሳተላይት ምስል ቀን አየሁ፤ ደመናው ሐይቁን ከመሸፈኑ በፊት የተነሣ ነው። ሞዴሉም የቆጠረው ያንን ያረጀ ውሃ ነው። እሷ ግን በመስኮት እያየችው ነው፤ የእኔን ሐይቅ። ቀናሁባት።

"ክፍት ልበለው?" አለች።

"ቆዪ። ውጪና ልጆቹ አውቶቡስ የሚጠብቁበት ቦታ ቁሚ። ስልኩን አትዝጊ። ወሬ አውሪኝ።"

"ስለ ምን?"

"ስለ ውሻው።"

ወጣች። ጫማዋ በረዶው ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ውሻው ያረጀ ነው አለች። የሚስተር ዴል ሚስት ውሻ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከውሻው በቀር የሚያነጋግረው የለም። ሲደውል ስለ ውሻው የጠየቀችው፣ ሲጮህ ሰምታው ነው። እኔም ሲጮህ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የጎረቤት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቃሏ ይወፍር ጀመር። "ሚስቱ" ልትል ከንፈሯ አልገጥም አላት። የሰካራም ንግግር መሰለ። አንድ ልጅ አውቶቡስ የሚጠብቅበትን ያህል ጊዜ እንኳ ገና አልቆመችም።

"ግቢ" አልኳት።

"እች... እችላለሁ..."

"ግቢ፣ ልጄ። ስልኩን ለእሱ ስጪው።"

"አስቴር" አለ ሚስተር ዴል። "በረዶ የለም ትላለች። ላውጣቸው?"

"በረዶ የለም። ግን ዝግ። ብርዱ ነው።"

ቤቲን እያያት እንደነበር አውቃለሁ፤ ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ እኔም ይሰማኝ ነበር።

"እሺ" አለ። ከዚያ እንደ ልማዱ ስልኩን አልዘጋም። "አንቺም መምጣት ነበረብሽ።"

"ነበረብኝ" አልኩት።

ቤቲ ስትመለስ ፎቶ አሳየችኝ፤ እሷ፣ ሚስተር ዴልና ውሻው ነጩ ሐይቅ ፊት ቆመው። ለረጅም ጊዜ አየሁት።

"እትዬ አስቴር፣ በስብሰባው ቀን አንድ ጊዜ መድገም ነበረብኝ" አለች። "ግን በጣም ፈልጌው ነበር።"

"እኔም" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ጉብኝቱ በስክሪን ሆኗል፤ ማንም አይላክም። ሚስተር ዴል አሁንም የምትስቀዋን ይጠይቃል። አገናኘዋለሁ። አሁንም ያናድደኛል።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው። ውሃው ክፍት ነው ከማለታችሁ በፊት ምስሉ መቼ እንደተነሣ እዩ። ልጆቹ በሚቆሙበት ቦታ የቆመ ሰው ካለ፣ የምትቀኑበት ሰው ቢሆንም ጠይቁት። አለቃችሁ ትሄዳላችሁ ወይ ካላችሁና መሄድ ከፈለጋችሁ ደግሞ ያኔውኑ አዎ በሉ። ሁለተኛ አይጠይቅም።